የዋለ ሚስት

ባሌ አምባው በየክረምቱ አንድ መጽሐፍ ያነባል። ያንኑ አንዱን። «የሞኝ ዘፈን ሁልጊዜ አበባዬ» እያልኩ ስንቴ ስቄበታለሁ፤ ግድም አይሰጠው። ሽፋኑ ከተገነጠለ ቆይቷል፤ የቦንጋ እርጥበትም ዳር ዳሩን አሻግቶታል። እሱ ግን ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር እንደ በርበሬ አውጥቶ ያሰጣዋል።

እኔና መጽሐፉ ጣውንቶች ነን። ታሪኩ ዋለ ስለሚባል አስተማሪ ነው። ዋለ ከጎጃም ተነሥቶ ጫካ ወደበዛበት አገር ይሄዳል፤ ያስተምራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል፤ ሲያረጅ ወደ ተወለደበት ቀዬ ይመለሳል። አምባው ይህን ያነበበው ገና ተማሪ ሳለ ደብረ ማርቆስ ነው። በአስተማሪነት ተመርቆ ምደባ ሲመጣ ሌላው ከዘመዱ እንዳይርቅ ደጅ ሲጠና፣ እሱ «ከፋ ላኩኝ» አለ። ጓደኞቹ አበደ ብለው ነበር አሉ። እንግዲህ ባሌን ያመጣልኝ ይኸው መጽሐፍ ነው፤ ይህን አልክድም። አሁን ደግሞ እኔን ከአገሬ ሊያስወጣኝ ነው።

አምባው ዘንድሮ ጡረታ ወጣ። ወጥቶ ሳያርፍ ቤታችንን የሚገዛ ሰው አገኘ፤ ሀብተሥላሴ የሚባል የሺሺንዳ ነጋዴ። ከመስቀል በኋላ ሊዋዋሉ ተስማሙ። እኔን ጠየቀኝ? አልጠየቀኝም። «በቃ፣ አገራችን እንገባለን» አለኝ። አገራችን! እኔ የቦንጋ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ የተቀበሩት እዚህ ነው፤ ልጃችን ወንጌላዊት እዚሁ ከፋ ውስጥ ዋጫ ከተማ ታስተምራለች። ጎጃምን የማውቀው ለልቅሶ ሄጄ ነው። ዋለ ስለተመለሰ እኔ ምን ቤት ነኝ? ይህን ሁሉ እያሰብኩ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ውስጥ ውስጡን ነቅዟል።

በዚህ መሐል የአምባው ዓይን ፈዘዘ። ጅማ ያሉት ሐኪም ሞራ ነው፣ ክረምቱ ሲያልፍ ና አሉት። ሐምሌ ሲገባ መጽሐፉን ደረቱ ላይ አቅፎ መጣና «ፀጋዬ፣ እባክሽ አንብቢልኝ» አለኝ። ዕድሜዬን በጸሐፊነት ስሠራ የሰው ደብዳቤ ስተይብ ነው የኖርኩት፤ ልብ ወለድ ይዤ ተቀምጬ አላውቅም። ግን እንዲያ ሲለምነኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ እንቀመጣለን። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው እየጮኽኩ ነው የማነበው። አንድ ቀን ጎረቤታችን እትዬ ብርቅዬ በአጥሩ በኩል አንገታቸውን ብቅ አድርገው «ምነው፣ ተጣላችሁ እንዴ?» አሉን።

«የመሥሪያ ቤት ሰርኩላር አስመሰልሽው እኮ!» ይለኛል አምባው። «እዚያ ጋ ነጠላ ሰረዝ አለች፤ ትንፋሽ ውሰጂ።»

አንድ ቃል ከዘለልኩ «‹ቀስ ብሎ› የሚል አለ» ይላል። መጽሐፉን በቃሉ ያውቀዋል። ታዲያ ለምን ታደክመኛለህ ስለው «ከሰው አፍ ሲሰማ ሌላ ነው» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ወደድኩት። ዋለ በመጀመሪያው ቀን ጭቃ አንሸራቶት ተማሪዎቹ ፊት ሲዘረር፣ ተነሥቶም ለጭቃው እጅ ነስቶ ሲያልፍ፣ ማንበቤን አቆምኩ። አምባው ቦንጋ የመጣ ሰሞን እንዲሁ ገበያ መሐል ወድቆ፣ ተነሥቶ ለጭቃው እጅ ሲነሳ አይቼ ነበር የወደድኩት። ለካ ከዋለ ተምሮት ኖሯል! «አንተ አጭበርባሪ» ብዬ ትከሻውን መታሁት። ሁለታችንም እስክንደክም ሳቅን።

እየገፋሁ ስሄድ ግን ዓይኔ አንዲት ሴት ይፈልግ ጀመር። የዋለን ሚስት። በር ትከፍታለች፣ እራት ታቀርባለች፣ ልጅ ታዝላለች፤ አፍ አውጥታ ስትናገር ግን አላገኘኋትም። ትናንት የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ደረስን። ዋለ ጓዙን ጠቅልሏል። መጽሐፉ በአባቱ ደጅ ስላለችው ወይራ ሁለት ገጽ ሙሉ ያወራል። ከዚያ «ሚስቱም ተከተለችው» ይላል። በቃ። ለዛፏ ሁለት ገጽ፣ ለሴትዮዋ ይቺው።

ደሜ ፈላ። ቀና ሳልል፣ ድምፄን ሳልቀይር፣ ማንበቤን ቀጠልኩ።

«ሚስቱ ግን በሩ ላይ ቆመች። ‹ዋለ፣ መጥተህ ያገኘኸኝ እዚህ ነው። እዚያ ስንደርስ አንተ ቤትህ ትገባለህ፤ እኔ በስተርጅናዬ እንግዳ እሆናለሁ። ሳትጠይቀኝ ወሰንክ። ይህም በጣም አሳዝኖኛል› አለችው።»

ያልተጻፈ አንብቤ እርማቱን ጠበቅሁ። ነጠላ ሰረዝ እንኳ የማያሳልፈው ሰው ዝም አለ።

«ፀጋ» አለኝ። «የዋለ ሚስት ስሟ ማን ነው?»

«አልተጻፈም።»

«የትም ቦታ?»

«የትም ቦታ።»

ራሱን ነቀነቀ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሳነብ አንድ ቀን ስሟ ማን ይሆን አላልኩም» አለ። ድምፁ እንዲህ ሲወርድ የሰማሁት አባቱ የሞቱ ጊዜ ነው። «እስቲ ቀጥይ። ሌላስ ምን አለች?»

መጽሐፉን ዘጋሁት። ሌላውን ፊቱን እያየሁ ነገርኩት። አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ ከዋለ ሚስት ነገር ወደ ራሴ ነገር መቼ እንደተሻገርኩ አላወቅሁም። እትዬ ብርቅዬም ሰምተው ይሆናል፤ ይስሙ። አምባው አንዴም አላቋረጠኝም።

ስጨርስ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ።

«ቁጥሩ አይታየኝም። ለሀብተሥላሴ ደውዪልኝ።»

«ምን ልትለው?»

«ቤቱ አይሸጥም ልለው ነዋ።»

ይህን ቀን ካየሁ እልል እላለሁ ብዬ ነበር የማስበው። የፈዘዘው ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሳየው ግን እልልታው ከየት ይምጣ። እሱም አገር አለው፤ ያደገበት፣ ይህን ሁሉ ዘመን በመጽሐፍ ሲመለስበት የኖረው አገር። ስልኩን ተቀበልኩት።

«እርግጠኛ ነህ?» አልኩት።

«አይደለሁም» አለኝ። «ቶሎ ደውዪ።»