ቀለም ያልያዘው ቱቦ

ሐኪሟ የናሙናውን መስታወት ከማይክሮስኮፑ ሥር አወጣች፣ ወለወለችና መልሳ አስገባችው። ለውጥ የለም። ከጡት ዕጢው ጎን ያለው ጤነኛ የወተት ቱቦ ራሱ የምርመራውን ቀለም አልያዘም።

"አማካይ፣ እስቲ አንዴ ና።"

አማካይ የጥናቱን ቁጥሮች የሚሠራላት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ነው፤ እውነተኛ ስሙን በሥራ ክፍሉ የሚያስታውስ የለም። ወንበሩን እየጎተተ መጣ።

"ጤነኛ ቱቦ የሆርሞን ምልክት ስላለው ቡናማ ቀለም መያዝ አለበት" አለችው። "የየትም አገር ሴት ትሁን። እሱ ካልያዘ ጥፋቱ የዕጢው ሳይሆን የእኛ ነው።"

"እኛ ደግሞ ምን አደረግን?"

"የዓርብ ቀዶ ሕክምናዎች ናቸው። የናሙና ተረካቢው ቀድሞ ስለሚወጣ ናሙናው ከመበላሸት የሚጠብቀው ፎርማሊን ሳይነካው እስከ ሰኞ ይቀመጥ ነበር። የሆርሞን ምልክቱ እዚያው ጠፍቷል።"

አማካይ አንገቱን አሸት አሸት አደረገ። ጥናቱ የአገራቸውን ሴቶች የጡት ዕጢ ከውጭ አገር ሴቶች ጋር ያወዳድራል። ዋናው ግኝት ደግሞ የእነሱ ሴቶች ዕጢ በአብዛኛው የሆርሞን ምልክት የለውም፣ ስለዚህ ክፉ ነው፣ በሆርሞን ክኒን አይመለስም የሚል ነበር።

"የዓርቦቹን ካወጣን ልዩነቱ ግማሹ ይበናል" አለ። "ያን ሁሉ ልፋት ውሃ በላው በይኛ።"

"ይብላው።"

"ታዲያ ምን እንዲህ አመድ አስመሰለሽ? ጥናት ነው፣ ይታረማል።"

"ይቺ እህቴ ናት" አለች፣ በመስታወቱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እያሳየችው።

አማካይ ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን አነበበ።

ታላቅ እህቷ የታመመች ሰሞን "ክኒኑ ላንቺ ዓይነቱ አይሆንም፤ ደማችን ነው፣ የእኛ ሴቶች ነገር እንዲህ ነው" ብላ ያጽናናቻት ሐኪሟ ራሷ ነበረች። ማንም ያላጠፋው ነገር ለመሸከም ይቀላል ብላ ነው። እህትየው ቃሏን እንዳለ ለልጇ አስተላለፈች። ልጅቷም ይህን ደም ለልጅ አላወርስም ብላ እጮኛዋን አሰናበተች። አሁን ደግሞ ከእህትየው ብብት ሥር አዲስ እብጠት ወጥቷል።

ስልኳን አንስታ ደወለች።

"እትዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?"

"ሽንኩርት እየከተፍኩ። በሥራ ሰዓት ደውለሽ አታውቂም፣ ምነው በደህና?"

"ነገ ነይ። ከእብጠቱ በመርፌ ትንሽ እንወስዳለን።"

"ደግሞ ለምኑ? የታወቀ ነገር አይደለም እንዴ? ደማችን ነው ብለሽኝ የለ።"

አማካይ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ "ለማረጋገጥ ነው በያት" አለ በሹክሹክታ። ቢባል ያልፍ ነበር። እህቷ ሐኪሟ ያለቻትን አትመረምርም። ክኒኑ ቢጀመርላትም አዲስ መድኃኒት መጣ ቢሏት ታምናለች።

"ደማችን ነው ያልኩሽ በተበላሸ ምርመራ ነው፣ እትዬ" አለች። "ያበላሸነው እኛ ነን። ክኒኑ ያኔውኑ ይሆንሽ ነበር ይሆናል። አላውቅም። ሳንሰጥሽ ሁለት ዓመት አለፈ።"

የቢላው ድምፅ ቆመ። ሐኪሟ ስድብ ጠበቀች፤ ስድብ ቢመጣ በወደደች።

"እና እኔ" አለች እህቷ፣ "ለልጄ ምንድን ነው የነገርኳት?"

አማካይ ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሶ የዓርቦቹን ናሙናዎች አንድ በአንድ ማውጣት ጀምሯል። ሐኪሟ ስልኩን ከአንዱ ጆሮዋ ወደ ሌላኛው አዞረችው።

"ልጅሽ ቤት ውስጥ ካለች" አለች፣ "ስልኩን አቀብያት።"