በአማት ስም የተጠራችው እንቁራሪት

ተመራማሪዋ ገጹን ያየችው የምርምር ተቋሙ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነው። አዲስ የእንቁራሪት ዝርያ መገኘቱን የሚያበስር የሳይንስ መጽሔት ገጽ፤ ከላይ የዳይሬክተሩ ፎቶ፣ ከታች የእንቁራሪቷ። የእንቁራሪቷን ፎቶ ያነሳችው እሷ ናት። ዳር ላይ ብቅ ያለው አውራ ጣት እንኳ የእሷ ነው። የእሷ ስም ግን ገጹ ላይ የለም።

ተመራማሪዋ ያቺን እንቁራሪት ፍለጋ ስንት ክረምት ረግረግ ለረግረግ ስትንከራተት ኖራለች። ተቋሙ መኪና ሲነፍጋት በአሮጌ ፒክአፑ የሚያመላልሳት ታላቅ ወንድሟ ነበር፤ ሜካኒክ ነው፣ ጋሼ ትለዋለች። በመጨረሻው ጉዞ ከድንጋይ ላይ ተንሸራቶ እግሩ ተሰበረ። እሷ ሆስፒታል እሱን ስታስታምም ዳይሬክተሩ ቢሮዋን አስከፍቶ ልኬቱንም፣ ፎቶውንም፣ ናሙናውንም ወሰደ። ይባስ ብሎ እንቁራሪቷን በሚስቱ አባት ስም ሰየማት። አማቱ የተቋሙ ቦርድ ሰብሳቢ ናቸው።

ገጹን ከግድግዳው ቦጭቃ፣ ሳታንኳኳ ቢሮው ገባች።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አየሽው? እንኳን ደስ አለን!" አለ ከወንበሩ ሳይነሳ።

"አለን? እኔ የቱ ጋ ነው ያለሁት?"

"ምስጋናው ላይ ላስገባሽ ነበር፤ ቦታ ጠቦኝ ነው።"

"ለአማትህ የበቃ ቦታ ለእኔ ጠበበ?"

እስከዚያ ቀን አንቱ ስትለው ኖራለች። አንቱታው ሳታስበው ከአፏ ወደቀ፤ ላንሳው ብትልም አይነሳላትም ነበር።

"ድምፅሽን ቀንሺ" አላት። "ሕጉን ታውቂዋለሽ። ማንም ያግኛት ማን፣ ቀድሞ ታትሞ የወጣው ስም ነው የሚጸናው። በቃ፣ አልቋል።"

እውነቱን ነበር። ያንገበገባትም ይኸው ነው።

ቤት ስትደርስ ለወንድሟ ነገረችው። ክራንቹን ይዞ ብድግ አለ።

"የመኪናው ቁልፍ የት ነው? ሄጄ አፍንጫውን ባልለው!"

"ጋሼ፣ በአንድ እግርህ?"

"ለእሱ አንድ እግር ይበቃዋል!"

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው እንባዋ ተከተለ።

በማግስቱ ናሙና ክፍል ወረደች። አዲስ ዝርያ የሚሰይም ሰው አንዲት ናሙና መርጦ ያስቀምጣል፤ ስሙ የሚጣበቀውም በዚያች ናሙና ላይ ነው። ጽሑፉ ምንም ቢል ስሙ የናሙናዋ ነው። የተመረጠችው ናሙና ምልክት የሆነ ቀይ ወረቀት የታሰረበትን ብልቃጥ አወረደች። አልኮል ውስጥ የተጋደመችውን እንቁራሪት በመቆንጠጫ አውጥታ የኋላ እግሯን ጣቶች ዘረጋቻቸው።

በጣቶቹ መካከል ያለው ስስ ቆዳ እስከ ጫፍ ደርሷል።

የአዲሷ እንቁራሪት ቆዳ ከጣቷ እኩሌታ አያልፍም፤ ከዘመዶቿ የምትለየው በዚህ ነው። ይህቺ ግን ስሟ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ፣ በየቦዩ የምትጮኽ ተራ እንቁራሪት ናት። ራሷ ተመራማሪዋ ለማነጻጸሪያ ብላ በሌላ ብልቃጥ ያስቀመጠቻት ነች። ሰውዬው ተለቅ ያለችውን፣ ለዓይን የሞላችውን አንስቶ እግሯን እንኳ ሳያይ ሰይሟታል።

ደስ ሊላት በተገባ ነበር። ደሟ ይልቁን ፈላ። ያን ሁሉ ጭቃ የረገጠችለትን ሥራ ሲሰርቅ እንኳ ዞር ብሎ አላየውም!

ብልቃጡን የዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ስታሳየው ፊቱ አመድ መሰለ። ተነስቶ በሩን ዘጋ።

"እንግዲህ እርማቱን አብረን እናውጣ። ስምሽ ከእኔ ቀጥሎ ይገባል።"

"ካንተ ቀጥሎ?"

"እሺ፣ ከእኔ በፊት። እባክሽ፣ ለአማቴ ግብዣ ሁሉ ተደግሶላቸዋል! ምን ልበላቸው?"

"ስምዎን ለቦይ እንቁራሪት ነው የሰጠሁት፤ እሷ ደግሞ ሌላ ስም አላት በላቸው።"

ብቻዋን አሳተመች። የአማቱ ስም ውድቅ ሆነ፤ አዲሷ እንቁራሪትም ከጣቶቿ መልክ የተወሰደ ስም ወጣላት።

"የእኔን ስም ብትሰጫት ምን ነበረበት?" አላት ወንድሟ። "እግሬን የሰበርኩባት እኮ ነኝ።"

"ማንም ሰው እንዲንጠለጠልባት አልፈልግም፣ ጋሼ።"

"እሱስ ልክ ነሽ" አላት፤ "ግን አኩርፌያለሁ።"

በዓመታዊው ስብሰባ ላይ ዳይሬክተሩ መድረክ ወጥቶ "ተቋማችን ያገኛት ብርቅዬ እንቁራሪት" ሲል አዳራሹ አጨበጨበ። እሷ ተነሳች።

"ተቋሙ አላገኛትም። እኔ አገኘኋት፣ እሱ ሰረቀኝ። ሰርቆም ተሳሳተ።"

ጭብጨባው ባለበት ቀረ። ፊት ወንበር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ወደ መድረኩ ቀና ብለው "ምንድን ነው የምትለው ልጅቷ?" ብለው ጠየቁ። አማቻቸው የውሃ ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ።

ከሥልጣኑ ግን ማንም አላነሳውም። የላቦራቶሪ ቁልፏን የተነጠቀችው እሷ ናት። ዛሬ ሌላ ከተማ ታስተምራለች፤ ሥራዋም ጥሩ ነው፣ ተማሪዎቿም ይወዷታል። ንዴቷ ግን እስካሁን አልበረደላትም። "ይቅር በይው፣ ያለፈ ነገር ነው" የሚሏት ሰዎች አሉ። በእነሱም ላይ ትቆጣለች።