ሠላሳ አንድ አውራ ጣት

ልጆቼ፣ ሃርጌሳ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አንድ የዋትስአፕ ግሩፕ አለን። ሁለት መቶ ምናምን ሰው አለበት። የተከፈተው ለሐዘን፣ ለሕመም፣ ፓስፖርት ለጠፋበት ሰው ነው። እኔን ኸሊፋን አድሚን ያደረጉኝ በዕድሜዬ እንጂ ስልክ ስለማውቅ አይደለም። ዋሄን ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። በድምፅ እናገራለሁ፣ የመጣልኝን አዳምጣለሁ፣ በቃ።

አገራችን የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ልትሠራ ነው የሚለው ወሬ ከመጣ ወዲህ ግን ግሩፑ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። ጋአን ሊባህ ሰፈር ስልክ የሚጠግነው ናስር ይሠራ ባይ ነው። ሕንፃ ላይ ኤሌክትሪክ የሚዘረጋው ቸርነት አይሠራ ባይ ነው። ሁለቱም ጨዋ ልጆች ናቸው፣ ይሄን እመሰክራለሁ። ግን አንዱ ሦስት ደቂቃ ከተናገረ ሌላው አምስት ደቂቃ ይመልሳል፤ የቀረው ሰው ደግሞ ለሁለት ተከፍሎ ከኋላቸው ይግተለተላል። አንድ ቀን ሱሪ እያሳጠርኩ ሙሉውን ሰማሁ። ሱሪው አለቀ፣ ባለቤቱ ለብሶት ሄደ፣ እነሱ ገና የማቀዝቀዣው ውኃ ከየት ይመጣል ላይ ነበሩ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሙሰዓብ ደወለልኝ። 31 ሜይ ሰፈር የሚኖር፣ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው። ሚስቱ ሪሀና ወልዳለች፤ ሕፃኑ ደህና ነው፣ እሷ ግን ደም እየፈሰሳት ነው።

«ጋሽ ኸሊፋ፣ ኦ ኔጌቲቭ የሚባል ደም ነው የሚፈልጉት። ብዙ ሰው የለውም አሉኝ። ሆስፒታሉ ደግሞ ጨርሷል። የኔን አዩት፣ አልገጠመም። ሁለት ሰው ካላገኘሁ...»

ስልኬን አንስቼ ግሩፑ ላይ ተናገርኩ። ሪሀና እንዲህ ሆናለች፣ የደሙ ዓይነት ይሄ ነው፣ የምትመጡ አውራ ጣታችሁን አሳዩ አልኩ። ሱቄን ዘግቼ ወደ ሆስፒታሉ ስሄድ፣ መንገድ ላይ ስልኬ ጢው ጢው ይል ጀመር። ብከፍተው አውራ ጣት ነው። አሥር፣ ሃያ... ሠላሳ አንድ! አልሐምዱሊላህ፣ ይሄ ሕዝብ ለካ እንዲህ ነው ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ሙሰዓብን አቀፍኩት። «አይዞህ ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ሰው እየመጣ ነው» አልኩት። ደም የምትወስደው ነርስ ሳምሳም የዚሁ አገር ልጅ ናት፣ ግን ድሬዳዋ ነው ያደገችው፣ አማርኛዋ ከኔ ይሻላል። እሷም ደስ ብሏት ወንበር ደረደረች።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ሦስት ተኩል ሆነ። ወንበሩ ባዶ ነው። አራት ሰዓት ላይ ሳምሳም ወጥታ፣ «አባባ፣ ሰዎቹ የት አሉ? የልጅቷ የደም ግፊት እየወረደ ነው» አለችኝ። ሙሰዓብ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ ብሎ ያየኛል። ናስር ጋ ደወልኩ።

«ናስር፣ የት ደረስክ?»

«የት ነው የምደርሰው ጋሼ?»

«አውራ ጣትህን አሳይተህ የለም እንዴ?»

«አሳየሁ እንጂ! ለኒውክሌሩ ነዋ። ቸርነት ብዙው ሰው ከኔ ጋር ነው ብሎ ሲመጻደቅ፣ የምትደግፉ አውራ ጣት አሳዩ አልኩ። ሠላሳ አንድ ሰው ጋሼ! አዩልኝ አይደል?»

«ደሙስ?»

«የምን ደም?»

«የላክሁትን አልሰማህም?»

«አይ... ጋሼ፣ የርስዎ ድምፅ ሲመጣ ሊቆጡን ነው ብለን አንከፍተውም።»

ያ አላህ! ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከአፌ የሚወጣውን ፈርቼ ነው የዘጋሁት። ደግሜ ግሩፑ ላይ ብናገር ማን ይከፍተዋል? አንድ በአንድ እንዳልደውል ሁለት መቶ ሰው ነው፤ የሪሀና ደም ደግሞ አይጠብቅም። ያን ጊዜ ነው አላህ ይቅር ይበለኝና የዋሸሁት።

ቸርነት ጋ ደወልኩ። «ልጄ፣ ናስር ሆስፒታሉ ግቢ ቆሞ፣ ቸርነት በስልክ ነው ጀግንነቱ፣ ፊት ለፊት አይመጣም እያለ ነው» አልኩት።

«ማን? ያ ባትሪ ቀያሪ? መጣሁ!»

ናስር ጋም ደግሜ ደወልኩና ያንኑ ገልብጬ ነገርኩት። ከዚያ ግሩፑ ላይ፣ «ስለ ኒውክሌር!» ብዬ ጀመርኩ፣ «ናስርና ቸርነት ዛሬ በአካል ይከራከራሉ። ሆስፒታሉ ግቢ፣ አሁኑኑ።»

ልጆቼ፣ ግማሽ ሰዓት አልሞላም። አሥራ ዘጠኝ ሰው! ከሥራ ያመለጠ አለ፣ ሱቁን ጎረቤት ያስጠበቀ አለ። ቸርነት የሥራ ቆቡን እንኳ ከራሱ ላይ አላወረደም። ናስር ለክርክሩ ወረቀት አሳትሞ በክንዱ ሥር ይዟል።

«የት ነው የምንቀመጠው?» አለኝ ናስር።

«እዚያ ወንበር ላይ» አልኩት። «እጅጌህን ሰብስብና።»

ነገሩን ነገርኳቸው። ሪሀና እዚያ ውስጥ ናት፣ ሰዓቱም እየሄደ ነው አልኳቸው። ከዚያ ቸርነት ቆቡን አውልቆ፣ ተቆጥቶ እኮ ነው፣ «ጋሼ፣ ታዲያ ይሄን ለምን ቀድመው አልነገሩንም?» አለኝ።

ለምን አልነገሩንም አለኝ! በእጄ ወደ ደም መስጫው ክፍል በር አሳየሁት።

ሳምሳም የሁሉንም ጣት ወጋች። ናስር ቢ ፖዘቲቭ ሆነ። ሌላው ኤ፣ ሌላው ኦ ሆኖ ፖዘቲቭ። ከአሥራ ዘጠኙ አንድ ሰው ብቻ ገጠመ፣ ቸርነት። ናስር ፊቱ ጠቆረ። «አሁን ተኝቶ ሊከራከር ነው» አለ፣ «ሰው ያዝንለታል።»

ቸርነት አልጋው ላይ ወጣ፣ መርፌው ገባ። ግን የሚያስፈልገው ሁለት ሰው ነው። የቀሩት በየስልካቸው ዘመድ ወዳጅ ጋ መደወል ጀመሩ። ሙሰዓብ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ የሚሉትን ይሰማል፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል።

ሳምሳም ሪሀናን ልታይ ሄዳ ስትመለስ አንዲት ልጅ ከኋላዋ ነበረች። «አባባ፣ ይቺ የማዋለጃው በር ላይ ተቀምጣለች፣ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ። ደም ልሰጥ ነው የመጣሁት ትላለች።»

ልጅቷ ሂዳያ ትባላለች። ጋአን ሊባህ ሰው ቤት ትሠራለች። ግሩፑ ውስጥ አንድ ቀን ተናግራ አታውቅም፤ መኖሯንም አላውቅም ነበር።

«መልእክትዎን ሰማሁ፣ አውራ ጣት አሳየሁ፣ መጣሁ» አለች መሬት እያየች። «ስወልድ ነው የነገሩኝ ደሜ ኦ ኔጌቲቭ እንደሆነ። ወላድ ናት ሲሉ እዚያ በር ላይ ይጠሩኛል ብዬ ነው። የሚጠራኝ አጣሁ።»

ያን ያህል ሰዓት! ራሷን ሳምኳት።

ከአልጋው ላይ ቸርነት፣ «እንግዲያው የናስር ሰዎች ሠላሳ ናቸው!» ብሎ ጮኸ። «አንዱ አውራ ጣት የሷ ነው!»

«ሠላሳም ይበዛብሃል!» አለ ናስር ከበሩ።

«አቦ ተዉና!» አለች ሳምሳም። «ክንድህን አታንቀሳቅስ።»

ሂዳያ ከጎኑ ባለው አልጋ ተኛች። ቸርነት ዝም ሊል አልቻለም፤ «እህቴ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ? ይሠራ ወይስ አይሠራ?» አላት። ሁሉም አንገቱን በበሩ አስገባ። ልጅቷ ጣሪያውን እያየች መለሰች።

«እኔ የማያቸው ቤቶች» አለች፣ «ሲሠሩ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚቀረውን ቆሻሻ ግን የሚያነሣ ሰው ይጠፋል። የዚህኛውን ማን ነው የሚያነሣው? ስሙን ይንገሩኝና ይሠራ እላለሁ።»

«አያችሁ!» አለ ቸርነት።

«አይሠራ አላለችም! ጠየቀች እንጂ!» አለ ናስር።

ኮሪደሩ ተቀወጠ። የቀሩት አሥራ ሰባቱም በአንድ አፍ ተነሡ፤ አንዱ በርሜል ይላል፣ አንዱ መቅበር ይላል፣ አንዱ ለካንሰር ሕክምናም ይጠቅማል ይላል። ወይ ጣጣዬ! ሳምሳም ሁለቱን የደም ከረጢት እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ ሰዉን በክርኗ እየገፋች አለፈች።

እኔና ሙሰዓብ ከኋላዋ ሄድን፤ እሱ ገባ፣ እኔ ደጅ ቀረሁ። ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ለዙህር፣ ለቀትሩ ሶላት አዛን ሲል በሩ ተከፈተና ሙሰዓብ ወጣ።

«ዓይኗን ገለጠች ጋሼ። እጇም ሞቅ አለ። ይሄ ጩኸት ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልካት?»

«ስለ ኒውክሌር ነው አልኳት።»

«እሷስ?»

«ልተኛ፣ ዝም አሰኝልኝ አለች።»

ወደ ኮሪደሩ ተመለስኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዋሄን ውስጥ በጮህኩበት ድምፅ ልጮኽ ነበር፤ ግን እሱም ጩኸት ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሪሀና ልትተኛ ነው» አልኩ። ወዲያው ዝም አሉ። ናስር ወረቀቱን አጠፈ። ቸርነት ክንዱን በጥጥ ይዞ ከአልጋው ወረደ፤ ሂዳያን ደግፈው አስነሧት፣ አንዱ ጁስ ሊገዛላት ሮጠ። በጫማቸው ጫፍ እየረገጡ ተከታትለው ወጡ።

የግቢውን በር እንዳለፉ እንደገና ጀመሩ። ተከትዬ ወጥቼ አዳመጥኩ። ከዚያ ሆነው ጩኸታቸው ሪሀና ጋ አይደርስም፤ ተውኳቸው።