ጠበቃዋ በባለጉዳይ ወንበር

ፍርድ ቤት አካባቢ «ምላጭ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት የረታቻቸው ጠበቆች ናቸው፤ እሷም ስትሰማው ቅር አይላትም፣ እንዲያውም ደስ ይላታል። በፍቺ ጉዳይ የሚደርስባት አልነበረም። ታዲያ አንድ ቀን፣ ያሸነፈችላት ደንበኛዋ የፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆማ ከተሸነፈው ባሏ ብሳ ስታለቅስ አየችና ነገሩ ከሆዷ አልወጣ አለ። ብዙም ሳትቆይ፣ የተጣሉ ቤተሰቦችን ለሚያግዙ ባለሙያዎች በሚሰጠው የድህረ ምረቃ ሥልጠና ተመዘገበች።

ሥልጠናው ግን ለምላጭ አልገራ አለ። ክፍል ውስጥ ተማሪዎቹ ተራ በተራ ባል፣ ሚስት፣ አማት እየሆኑ ይጣላሉ፤ አንዱ ደግሞ መሃል ሆኖ ያነጋግራቸዋል። ተራዋ ሲደርስ፣ «ባል» የሆነው የትምህርት ቤት አማካሪ ገና አፉን ሳይከፍት፣ «ማምሻውን የት ነበሩ? በአጭሩ ይመልሱ» ብላ አፋጠጠችው። ሰውዬው የውሸት ባል መሆኑን ረስቶ ላብ አጠመቀው።

አስተማሪያቸው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አዩዋትና፣ «ልጄ፣ ሰውዬው እኮ ትዳሩን ሊያድን ነው የመጣው። አንቺ እስር ቤት ልታስገቢው ነው» አሏት። ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

በዚያው ሰሞን የምላጭ አባት ፍራሻቸውን ተሸክመው ጓሮ ያለው ዕቃ ቤት ገቡ። ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ሹፌርነት ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። የጠቡ መነሻ የሳሎኑ መስኮት ነው። እሳቸው ይከፈት ይላሉ፣ ሚስታቸው ይዘጋ። ምላጭ ነገሩን አይታ ለእናቷ ፈርዳለች። ከዚያ በፊት ስለ ራዲዮኑ ጩኸት ለአባቷ ፈርዳ ስለነበር፣ በራሷ ግምት ማንንም አልበደለችም።

የሥልጠናዋ ልምምድ አድርጋ ላስታርቃቸው ብላ ስትነሳ አስተማሪዋ እምቢ አሉ። «የራስሽን ቤተሰብ አይሆንም። ሌላ ሰው ይሂድ። አንቺ ልጅ ሆነሽ ትቀመጫለሽ፣ ካልተጠየቅሽ አትናገሪም።»

የተመደበው ያ በላብ ያጠመቀችው አማካሪ ሆነ። ምላጭ ተስፋ ቆረጠች። ሰውዬው አንድ ነገር ጀምሮ እስኪጨርስ ሻይ ይቀዘቅዛል።

ቅዳሜ ከሰዓት አራቱም ሳሎን ተቀመጡ። አማካሪው ሶፋው ጫፍ ላይ ቂብ ብሎ፣ «እስቲ ይንገሩኝ፣ አባት» አለ።

«ምኑን ልንገርህ? ነገሩ ተፈርዶበታል» አሉ አባቷ። «ልጄ ለእናቷ ፈርዳለች።»

«የራዲዮኑንስ ለአንተ አልፈረደችም?» አሉ እናቷ።

«ፈርዳልኝ ነበር። አንቺ በስልክ ይግባኝ ብለሽ አስገለበጥሽው።»

«አልተገለበጠም፣ እኔ ያልኩት...» ብላ ምላጭ ስትጀምር አማካሪው እጁን ቀስ አድርጎ አነሳ። ከዳኛ በቀር አፏን ያስያዛት ሰው አልነበረም። ፊቷ ቀላ።

«እሷ ጠበቃ ከመሆኗ በፊት እንጣላና ራት ላይ እንረሳው ነበር» አሉ እናቷ ወደ አማካሪው ዞረው። «አሁን ማን እንደረታ ስለሚታወቅ አይረሳም። የረታው ይኮራል፣ የተረታው ያኮርፋል።»

«እውነቷን ነው» አሉ አባቷ። ባልና ሚስቱ ከተኳረፉ ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ የተስማሙትም በልጃቸው ጥፋተኝነት ነው።

አማካሪው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አባት፣ መስኮቱ ሲዘጋ ምን ይሰማዎታል?» አለ።

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው፣ አለች ምላጭ በሆዷ። አባቷ ዞረው መስኮቱን አዩ። አማካሪውም አልጎተጎታቸውም። ምላጭ ምላሷን ነክሳ የምንጣፉን ጥለት ታጠና ጀመር።

«ምንም አይሰማኝም» አሉ አባቷ በመጨረሻ። «ጣጣው እሱ ነው። ሲዘጋ ምንም አይሰማኝም። ሲከፈት ቢያንስ የመንገዱ የመኪና ድምፅ ይመጣልኛል።»

እናቷ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ሻርፕ አጣጥፈው እንደገና ፈቱት። «እኔስ ለምን የምዘጋው ይመስልሃል? ራዲዮንህ ሰፈሩን ሲያናውጥ ጎረቤት እንዳይስቅብህ ብዬ ነው እንጂ። ጆሮህ እንደደከመ አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«ከኋላህ ስጠራህ ዝም ብለህ ትሄዳለህ። መጀመሪያ ኮራብኝ ብዬ ነበር፣ ኋላ ነው የገባኝ። አንተ ያልነገርከኝን እኔ ምን ብዬ ላንሳው?»

አባቷ መሬት መሬቱን እያዩ ሳቁ፤ እንደ ማፈርም፣ እንደ መገላገልም ያለ ሳቅ ነበር። የምላጭ ዓይን እንባ አቀረረ። ሁለቱንም ክርክር ሰምታ፣ በሁለቱም ፈርዳ፣ ራዲዮኑ ለምን እንደሚጮህ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

ፍራሹን ከዕቃ ቤት መልሰው ሲያስገቡ አንዱን ጫፍ የያዘችው እሷ ናት። አማካሪውን ልትሸኝ እስከ በሩ ወጣችና፣ «እንዴት አውቀህ ነው ያንን የጠየቅከው?» አለችው።

«እውነቱን ልንገርሽ? የምጠይቀው ጠፍቶኝ ነው» አለ። «አንቺ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ደንግጬ ነበር።»

ከሳምንታት በኋላ አባቷ ጆሮ ላይ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ ተገዛላቸው። እናቷ በማግስቱ ደወሉ።

«አንቺ፣ ይሄ ሰውዬ ጉድ አፈላ። በሹክሹክታ የማወራውን ሁሉ እየሰማ ይመልስልኛል። ትናንት ለራሴ አጉረምርሜ የተናገርኩትን ከጓዳ ሆኖ መለሰልኝ። አሁን ይሄ ልክ ነው?»

ምላጭ ምላሷ ጫፍ ላይ የደረሰ መልስ ነበራት፣ ያውም ከነማስረጃው። ዋጥ አደረገችውና፣ «አንቺስ ምን አልሽው?» አለች።

እናቷ ወንበር ስበው ሲቀመጡ በስልኩ ተሰማት። ወሬው ሊረዝም ነው ማለት ነው። ምላጭም ጫማዋን አውልቃ ተደላድላ ተቀመጠች።