በሁዳዴ የገባ ጉንዳን

በመጋቢት ማለቂያ የመጀመሪያው ዝናብ ፍኖተ ሰላም ላይ በጣለ ማግስት ጉንዳን ውዳሴ ቤት ገባ። ከበሩ ሥር ወጥቶ፣ የግድግዳውን ጥግ ተከትሎ መጻሕፍቷ ወደተደረደሩበት መደርደሪያ ወጣ። ሌላው መስመር እናቷ ምሳ የሚበሉበት ወንበር ሥር ተበትኖ ነበር።

እናቷ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ለሕክምና ከቡሬ ገጠር የመጡት ጾሙ ሳይገባ ነው። ሐኪሙ ጨው እንዲቀንሱ፣ ወተትና ቅቤ ግን እንዳያቋርጡ መከራቸው። የንስሐ አባታቸውም ፈቀዱላቸው። እሳቸው «ፈቃዱ ለወደደ ነው» አሉና እንቢ አሉ። በጾሙ ዋዜማ የቤቱን ዕቃ ሁሉ በፈላ ውሃ ያጠቡት ራሳቸው ናቸው፤ ቅባት የነካው ማንኪያ እንኳ አልተዉም።

ውዳሴ የባዮሎጂ መምህርት ናት፤ ማየት ልማዷ ነው። የእናቷ ቀለበት ከጣታቸው ሲሾልክ አየች። ከቅዳሴ ሲመለሱ የበሩን መቃን ይዘው ትንፋሽ ሲሰበስቡም አየች። ከደብረ ዘይት ሰንበት ወዲህ በእናቷ ሽሮ ላይ ጥቂት ቅቤ ታቀልጥ ጀመር። ሽታው እንዳይታወቅ ቅመም ያልገባበት መረጠች። የቅቤውን ብልቃጥ ከመጻሕፍቱ ጀርባ ደበቀችው።

«ይኸ ጉንዳን ምን ፍለጋ ነው?» አሉ እናቷ ጎንበስ ብለው።

«ዝናቡ ነው፣ እማየ። በጋውን አፈር ውስጥ ተከቶ ይከርማል። ጉድጓዱ ሲርስ ይወጣል፤ ለእጮቹ ምግብ ይፈልጋል።»

«ለልጆቹ ነዋ።»

«አዎ፣ ለልጆቹ።»

«ዝናቡማ እናኑ ቤትም ዘንቧል። ጎረቤት አይደለች፣ ጠየቅኋት፤ አንድም አላየች። ወይስ የሷ ቤት ጉንዳን ይጾማል?»

ውዳሴ ልትስቅ ሞከረች። አንድ አሳሽ ጉንዳን ምግብ ካገኘ መንገዱ ላይ ሽታ እየቀባ እንደሚመለስ፣ ሌሎቹም ሽታውን ይዘው እንደሚጎርፉ በየዓመቱ ታስተምራለች። እጭ የሚያሳድጉ ጉንዳኖች ቅባት እንደሚያሳድዱም ታውቃለች። ይህን ለእናቷ አልነገረችም።

ምሳ አቀረበች። በጨው ሰበብ የእናቷ ሽሮ ለብቻው በሰሃን ነበር።

«ዘንድሮ እኮ ጾሙ አልከበደኝም» አሉ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ እንጀራውን እየቆረሱ። «ጊዮርጊስ አበርትቶኛል። እሑድ ቅዳሴውን ቆሜ ጨረስኩ፤ ግድግዳም አልተደገፍኩ። ሴቶቹ፣ ‹በጾም የሚወፍር ሰው አየን› እያሉ ሲስቁብኝ ነበር። ለነፍስ አባቴም ነገርኳቸው፤ ደስ አላቸው።»

ውዳሴ ዓይኗን ከማዕዱ አላነሳችም።

«ነይ፣ የከሳሽስ አንቺ ነሽ» አሉ ከራሳቸው ሰሃን ጠቅልለው። «አፍሽን ክፈቺ።»

ጉርሻው ከንፈሯ ላይ ደረሰ። እሷም ጿሚ ናት። ብትጎርሰው ማንም አያውቅም፤ ነገም ብልቃጡን ታወጣለች፤ እናቷም ስለ ብርታታቸው ያመሰግናሉ። ከንፈሯ አልከፈት አለ።

«የእናት ጉርሻ ይመለሳል እንዴ? ጨው የለውም ብለሽ ነው?»

«ቅቤ አለው፣ እማየ።»

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ጉርሻውን ሰሃኑ ጠርዝ ላይ መልሰው አስቀመጡት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ።

«ከመቼ ወዲህ?»

«ከደብረ ዘይት።»

መደርደሪያውን፣ ከዚያ ወለሉን አዩ። «እሑድ የቆምኩት እንግዲህ እኔ አይደለሁም።»

«እንዳይሞቱብኝ ፈርቼ ነው።»

«ለኔ ብለሽ እንደሆነማ አላጣሁትም። ግን እንደዚህ ጉንዳን ልጅ ሳላውቅ አጎረስሽኝ። እኔ ደግሞ በእግዜር ፊት ኮራሁበት።»

ውዳሴ ብልቃጡን አውጥታ ለእናኑ ሰጠች፤ መደርደሪያውን በሳሙና አጠበች። እናቷ የሳምንቱን ቀሪ ቀናት በርበሬ በውሃ በጥብጠው በእንጀራ በሉ፤ ወደ ነገሩም አልተመለሱም።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴው ሳይጋመስ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ግድግዳ ተደግፈው ተቀመጡ። ሴቶቹ «ምነው፣ ምን አገኘዎት?» ብለው ከበቧቸው። ውዳሴ አጠገባቸው ቆማ መልሳቸውን ጠበቀች።

«ጾሙ ነው» አሉ፣ ልጃቸውን ሳያዩ።

ቤት ሲደርሱ ጥቂት ጉንዳኖች በአሮጌው መንገዳቸው መደርደሪያው ላይ ወጥተው ባዶውን ቦታ ይዞሩ ነበር። ውዳሴ ልትነሰንስባቸው አመድ በእፍኟ ይዛ መጣች። እስኪወርዱ ድረስ አመዱን እንደያዘች ቆመች።