ከጠረጴዛው የራቀው ጨው

በክር ፋብሪካው የሠራተኞች ምግብ ቤት ሃያ አራት ጠረጴዛዎች አሉ። በየጠረጴዛው ላይ ክዳኑ የተበሳሳ የጨው ብልቃጥ ይቀመጥ ነበር። ብልቃጦቹን ጠዋት ጠዋት የምትሞላው የምግብ ቤቱ ኃላፊ ናት። ትልቁም ትንሹም "እትዬ" ነው የሚላት። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስትሞላቸው ኖራለች። እጇ ከመልመዱ የተነሳ ዓይኗን ጨፍና ትሞላለች፤ እየሞላች ታንቀላፋለች ብለውም ይቀልዱባታል። እውነታቸውን ነው፣ አንዳንዴ ታንቀላፋ ነበር።

ባሏ እዚያው ፋብሪካ የማሽን ጠጋኝ ነው። ኪሱ ከብሎን ባዶ ሆኖ ስለማያውቅ "ጋሼ ብሎን" የሚል ስም ወጥቶለታል። ምሳ ሰዓት ላይ ሳህኑን ይቀበልና ይቀመጣል፤ አንዴ እንኳን ሳይቀምስ ብልቃጡን አንስቶ ያርከፈክፋል። ደም ግፊት እንዳለበት ከታወቀ አሥር ዓመት ሆኖታል።

"ኧረ መጀመሪያ ቅመሰው!" ትለዋለች ምግብ ከምታድልበት መስኮት ጀርባ ሆና።

"የአንቺን እጅ አላውቀውም እንዴ? ሳይቀመስም ይታወቃል" ይላል። ሰው ይስቃል።

ለመነችው። ተቆጣችው። ታላቅ ወንድሙን አስመከረችው። አንድ ጊዜም ሁለት ሳምንት ሙሉ አኮረፈችው። እሱ "እሺ" ይላል፤ እሺ ማለት ከብዶት አያውቅም። ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ማሽን ሥር ተኝቶ ብሎን ሲፈታ መፍቻው ከእጁ ወደቀ። "አንሱልኝ" ሊል አፉን ሲከፍት ቃሉ ተንሻፎ ወጣ። ግራ ጎኑ አልታዘዝ አለው። ተሸክመው አወጡት።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ "ጨው ያበዛሉ?" ብሎ ጠየቀ። እሷ ናት የመለሰችው። "ያበዛል" አለችና ጣቶቿን አየቻቸው። በጨው ብዛት ጫፍ ጫፋቸው ተሰነጣጥቋል። እኔ ነኝ የምሞላለት ልትል ፈልጋ ነበር፣ ግን ሐኪሙ ወደሚቀጥለው አልጋ አልፎ ነበር።

በአምስተኛው ወር ወደ ሥራ ተመለሰ። ግራ እግሩን ይጎትታል፤ ግራ እጁ ዕቃ አይዝም። ፋብሪካው መለዋወጫ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ዕቃ እንዲያድል መደበው። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ጓደኞቹ እየሳሙ አስቀመጡት፣ ሳህኑ ቀረበለት፣ ቀኝ እጁም ወደ ብልቃጡ ሄደ። እሷ በመስኮቱ አየችው። ምንም አላለችም። ቆሽቷ ስላላረረ አይደለም። መናገር ራሱ ጉልበት ይፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ጉልበቷን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጨርሳው ነበር የመጣችው።

ከወር በኋላ ጠረጴዛዎቹ ቀለም ይቀቡ ተባለ። ብልቃጦቹ ተለቃቅመው ከመታጠቢያው ቧንቧ አጠገብ፣ በወዲያኛው ግድግዳ ላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ተደረደሩ። ቀለሙ በሁለት ቀን ደረቀ። መመለስ ነበረባት፤ ግን ወገቧ ቁርጥ ብሎ ስለነበር "ነገ" አለች። በማግስቱም "ነገ" አለች።

በሦስተኛው ቀን አንድ ነገር አየች። ሰው ሳህኑን ይዞ ይቀመጣል፤ በእጁ ጠረጴዛውን ይዳብሳል፤ አንገቱን አስግጎ መደርደሪያውን ያያል፤ መሀል ያለውን ወንበርና ሰው ያያል፤ ከዚያ አቀርቅሮ ይበላል። ከንጋት ጀምሮ ክር ሲቀጥል የቆመ ሰው ለቁንጥር ጨው ማን ይነሳል? በሳምንቱ መጨረሻ፣ ወትሮ ሙልጭ ብሎ የሚያልቀው የጨው ከረጢት ግማሹ ተርፎ አገኘችው።

ይህንኑ ለፋብሪካው ክሊኒክ ነርስ ነገረቻት። ልጅ እግር ናት፤ "ሲስተር" ይሏታል። ስለ ጨው ጉዳት በትልልቁ ጽፋ ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ በሚስማር ሰቅላ ነበር፤ ያነበበው ባይኖርም ሚስማሩ ለኮፍያ መስቀያ ጠቅሟል።

"እኔ ዓመት ሙሉ ለፍልፌ፣ እርስዎ ቀለም ቀብተው!" አለች ሲስተር፤ ሳቋም የደከመው ሰው ሳቅ ነው።

"ቀለሙንም እኔ አልቀባሁትም፣ ልጄ።"

"እንግዲያው እባክዎ አይመልሱት። እዚያው ይቀመጥ።"

በሁለተኛው ሳምንት የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሆዱን አስቀድሞ ወደ መስኮቱ መጣ። "እትዬ፣ ሰው ጨው ተነፈግን እያለ ነው።"

"ማን ነፈገው? ያውልህ፣ ሞልቼ ነው ያስቀመጥኩት።"

"ጠረጴዛ ላይ አይደለማ!"

"ሰው እግር የለውም?"

"እግርማ አለው። ደክሞታል እንጂ።"

"እኔም ደክሞኛል። ሃያ አራት ብልቃጥ ይዤ የምዞርበት ወገብ የለኝም። ካልክ ና አድልልኝ።"

ሊቀመንበሩ ማደሉን አልፈለገውም። ሰው እንዲያየው ሄዶ አንድ ብልቃጥ አመጣ። በማግስቱም አመጣ። በሦስተኛው ቀን ተቀምጦ እንደ ሰው በላ።

ጋሼ ብሎን ግን ተነሳ። ከመላው አዳራሽ መነሳት የማይገባው ሰው ተነሳ። እግሩን እየጎተተ በወንበሮቹ መሀል አለፈ። "ጋሼ፣ እኔ ላምጣልህ" ያለውን ሁሉ "ተወኝ!" አለው። እሷ ጭልፋውን ጨብጣ ቀረች። ጨዉን ሳትመልስ ስትቀር በልቧ ያሰበችው ለእሱ ነበር፤ አሁን እንዲህ የምታንገላታውም እሱን ሆነ። ሄዳ ልታቀብለው አንድ እርምጃ ተራመደች፤ ከዚያ ቆመች። ወረፋ የያዘው ሠራተኛ "እትዬ፣ ሾርባው እየፈሰሰ ነው" አላት።

አራት ቀን ሙሉ እንዲሁ ተነሳ። በአምስተኛው ቀን ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። የአንዱን ወንበር መደገፊያ ይዞ መደርደሪያውን አየው። ፊቱ ላይ ላብ ነበር። ዞሮ ተመለሰና ተቀምጦ በላ። ማየቷን እንዳያይባት አቀረቀረች።

ማምሻውን ጀምበር ሳትጠልቅ የሠራተኛ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ "አንቺ ነሽ አይደል ያራቅሽብኝ?" አላት።

"ቀለሙ ነው ያራቀው። እኔ አልመለስኩትም።"

"አንዲት ቃል አልተናገርሽም።"

"አሥር ዓመት ተናግሬ ምን አተረፍኩ?"

"ብወድቅስ ኖሮ?" አላት።

"አራቱንም ቀን ይህንኑ ሳስብ ነው የዋልኩት። የደፋሁትን ሾርባ ሰዉን ጠይቀው።"

ከንፈሩ በደህናው በኩል ፈገግ አለ። "ዛሬ ስለደከመኝ ነው። ነገ እሄዳለሁ።"

"ሂድ። ማን ያዘህ?"

በማግስቱ አልሄደም። አንዳንድ ቀን ይሄዳል፤ ብዙውን ቀን አይሄድም። እሷም እቤት ያለውን የጨው ዕቃ ከመመገቢያው ጠረጴዛ አንስታ ማዕድ ቤት ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። አየ፤ አላወረደውም።

ወራት አለፉ። ሲስተር ግፊቱን ለክታ "ትንሽ ወርዷል፣ ጋሼ። መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ" አለችው። ትንሽ ነው ያለችው፤ እጁ እንደሆነ አልተመለሰለትም፣ እግሩም ያው ነው።

አንድ እሑድ ቀትር ላይ እቤታቸው ድንች ቀቅላ፣ ጎመን ጠብሳ አቀረበችለት። አንዴ ጎረሰና ፊቱን ጨምደድ አደረገ።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ዛሬስ ጨው አበዛሽበት።"

ቀመሰችው። ሁልጊዜ የምታደርገው ልክ ነበር፤ ዓመታት ሙሉ አልጫ ነው እያለ ሲያማርርበት የኖረው ልክ። ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ግን ድንቹን በሹካ እየፈለጠ ጎመን የሌለበትን ጎን ይፈልግ ነበር፤ አንድ እጁ ብቻ ስለሚሠራ ሳህኑ ይንሸራተትበታል።

ሳህኑን ያዘችለት። "እጄ ስቶ ነው" አለችው፤ እስኪጨርስ ድረስም እንደያዘችለት ቆየች።