የጋሼ ዳኜ ደጃፍ

ፎርም መሙላት ላይ የሚስተካከለኝ የለም ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። የሐበሻ ሰፈር በሆነው ፌርፋክስ የሚሠራ የታክሲ ሹፌር ሁሉ ወረቀቱን ይዞ የሚመጣው እኔ ጋ ነው። እትዬ ወርቅውሃም ሲጨንቃቸው የመጡት እኔው ጋ ነው፤ ምነው በቀረባቸው።

እትዬ ከሟች ባላቸው ከጋሼ ዳኜ ጋር የከፈቱት የቅመም ሱቅ ነበራቸው። ድሮ ቤት ያልነበረው ስደተኛ ሁሉ ደብዳቤው የሚመጣለት በዚያ ሱቅ አድራሻ ነበር፤ ማደሪያ ያጣም ጓዳው ውስጥ አድሯል። በፈረንጆቹ 2016 ሕንፃው ተሸጠና አዲሱ ባለቤት አፍርሶ አፓርትመንት ሊሠራ ተነሳ። የቀረው መላ አንድ ነው፤ ከተማው በታሪካዊ ቅርስነት ከመዘገበው አይፈርስም።

«ለይኩን ልጄ፣ እኔ ከተማው ጉዳዩን በሚሰማበት ቀን ዳያሊሲስ ስላለብኝ ሂሪንጉ ላይ አልገኝም። አንተ ግባልኝ። ዳኜ ዕድሜውን ሙሉ የቆመበትን ቦታ እንዳያጠፉብኝ» አሉኝ።

«ኦኬ እትዬ፣ ለሱ አያስቡ» አልኳቸው።

ፎርሙ ሱቁ የተከፈተበትን ዓመት ይጠይቃል። ጋሼ ዳኜ ሲሚንቶው ሳይደርቅ ደጃፉ ላይ በምስማር የጻፉት አለ፦ 1982። ሳየው ፈገግ አልኩ። ያገሬ ሽማግሌ የሚጽፈው በአገሩ አቆጣጠር ነው፤ በዚህ የተነሳ ስንት ሰው ልደቱ ተዛብቶበት አስተካክያለሁ። ስምንት ደመርኩና 1990 ብዬ ሞላሁ። እትዬን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ ያን ቀን ቡዳው እኔ ነበርኩ።

ሂሪንጉ ላይ የምስክሩ የጋሼ ካሣዬ አስተርጓሚም እኔ ነኝ። «በሰማንያ ሦስት ስመጣ ያደርኩት እዚያ ጓዳ ነው» አሉ። እሱንም ስምንት ደመርኩበት። ጋሼ ካሣዬ ጆሯቸው ደክሟልና ምን እንዳልኩ አልሰሙም። ጉዳዩን ከሚሰሙት የከተማው ኮሚሽነሮች አንዷ አዝና ተናገረች፤ 1990 ለከተማው ትናንት ነው፣ የሰማንያዎቹ መጀመሪያ ቢሆን ኖሮ እንዲፈርስ አንፈቅድም ነበር አለች። ድምፅ ተሰጠ፤ ተሸነፍን።

በሁለተኛው ሳምንት ሱቁ ፈረሰ።

እትዬ ያኔ ግሌንዴል ልጃቸው ሐና ጋ ገብተው ነበር። የውሳኔውን ደብዳቤ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት። አንድ መስመር ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«1990 የሚለው የምን ዓመት ነው?»

«ሱቁ የተከፈተበት ነዋ። ደጃፉ ላይ ያለውን ወደነሱ አቆጣጠር ቀይሬው ነው።»

ደብዳቤውን አጥፈው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«ዳኜ በነሱ ነው የጻፈው» አሉ ቀስ ብለው። «ያን ቀን ተጣልተናል። እኔ በኛ ይጻፍ ስለው፣ ‹አንቺ፣ ነገ እዚህ ማን ነበር ተብሎ ሲጠየቅ የሚያነቡት እኮ እነሱ ናቸው፤ እንዳይሳሳቱብን› አለኝ።»

አፍሬ መሬት መሬት አየሁ። እንባዬ መጣ። እትዬ ያንን አይተው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«በል ተወው ልጄ» አሉ። «እሱ የፈራው ፈረንጁን ነበር። አንተን መች ጠረጠረ።»